በልኬ የተሰፋ ፋሽን

በአዲስ አበባ ወጣት ሴቶች መካከል የልብስ ወሬ ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ «ዘንድሮ ምን መጣ?» የሚለው ነው። ከቱርክ መጣ፣ ከዱባይ መጣ፣ ከቻይና መጣ እንባባላለን፤ የቴሌግራም ቻናሎች «አዲስ ገባ» ብለው ፎቶ ይለጥፋሉ፤ ዋጋ የጠየቀች ሁሉ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» የሚል መልስ ይደርሳታል። ይህን ጨዋታ አልጠላውም፤ ማታ ማታ ስልኬን ይዤ የማገላብጠው የቀሚስና የሱሪ ፎቶ ቀላል አይደለም። ሆኖም በእኛ ከተማ አንድ ልብስ ፋሽን ሆኖ መቆየቱን ወይም በወሩ መረሳቱን የሚወስነው የመጣበት አገር ነው ብዬ አላምንም። ከመጣ በኋላ የሚያልፍበት እጅ ይበልጥ ይወስነዋል። በብዙ አገር በልክ ማሰፋት የባለጸጋ ቅንጦት ሆኖ ሲቀር፣ እኛ ዘንድ ልብስ ሰፊው በየሰፈሩ፣ ሸማኔውም አንድ ታክሲ በሚያደርስበት ርቀት ላይ ይገኛል። ስለ አለባበስ ያለኝ አስተያየት በሙሉ ከዚህ ይነሣል፤ ስልኬ ሐሳብ ያቀብለኛል፣ ልብሱን የሚሠሩልኝ ግን እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው።

ከሱሪ ልጀምር፤ የዘመኑ ለውጥ ጎልቶ የታየው በእርሱ ላይ ነውና። ትምህርት ቤት በነበርኩበት ጊዜ እግር ላይ የተጣበቀ ስኪኒ ጂንስ ያልለበሰች ልጅ ወደ ኋላ እንደ ቀረች ትቆጠር ነበር። አሁን ደግሞ ወገብ ላይ ከፍ ብሎ የሚታሰር፣ ከዳሌ በታች እየሰፋ ወርዶ ጫማ የሚሸፍን ሱሪ መንገዱን ሞልቶታል። የእናቴ ታላላቆች ይህን ሲያዩ «ቦላሌያችን ተመለሰ» ብለው ይስቃሉ፤ እነርሱ በወጣትነታቸው በተነሡት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ላይም ያው ሱሪ ከአፍሮ ጠጉርና ከወፍራም ተረከዝ ጫማ ጋር ቁጭ ብሏል። እኔ የሰፊውን ሱሪ መመለስ የምደግፍበት ዋናው ምክንያቴ ጨርቁ ነው። ተዘጋጅቶ የሚመጣ ሱሪ የተሰፋው የእኔን ሰውነት በማያውቅ ልኬት ስለሆነ፣ ዳሌዬ ላይ ልክ ሲሆን ወገቤ ላይ ይሰፋል፤ ወገቤ ላይ ልክ የሆነው ደግሞ ከጭኔ አያልፍም። ሰፊ ሱሪ ለልብስ ሰፊ የሚሆን ትርፍ ጨርቅ አለው፤ ወገቡ ይጠባል፣ ቁመቱ ያጥራል፣ ከጫፉ የተረፈው ለኪስ ይውላል። ጠባብ ሱሪ ግን ምንም ቢደረግ ጨርቅ አይወልድም።

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት፣ የስፌት መኪናቸውን አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አቁመው የሚሠሩ ናቸው። ከስልኬ ላይ የወደድኩትን ቀሚስ ሳሳያቸው ልጅቷን አያዩም፤ ዓይናቸው በቀጥታ ትከሻው ላይ ወዳለው ስፌት ይሄዳል። ከዚያ ያመጣሁትን ጨርቅ በጣታቸው መካከል አሽተው «ይኼኛው የሚፈስ ጨርቅ ነው፤ አንቺ ያመጣሽው ደረቅ ነው፤ ይቆምብሻል እንጂ እንዲህ አይወርድልሽም ልጄ» ይሉኛል። ስለ ፋሽን ከተማርኩት ሁሉ ይህን የሚያህል ጠቃሚ ትምህርት አላገኘሁም። ፎቶ የልብሱን ቅርጽና ቀለም ያሳያል፤ የጨርቁን ክብደት፣ አወራረድና ሙቀት አያሳይም። በስልክ አይተው አዝዘው የተከፉ ጓደኞቼ ብዙዎቹ የተከፉት በዚህ ነው፤ ቀሚሱ ፎቶው ላይ ያለውን ቀሚስ ይመስላል፣ ጨርቁ ግን ሌላ ነው። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲማርከኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ይህ ከምን ተሠራ?» ብዬ ነው፤ መልሱን ካላወቅሁ ፎቶውን ይዤ ወደ ጋሼ እሄዳለሁ።

ከምለብሳቸው ጂንሶችና ኮቶች አብዛኞቹ ሰልባጅ ናቸው። ልባሽ ጨርቅ ወደ አገር ማስገባት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ቦንዳው በኮንትሮባንድ እየገባ በየገበያው ይፈታል፤ በጠዋት የደረሰች መልካሙን ትመርጣለች፣ ከሰዓት የመጣች የተረፈውን ትለቅማለች። የኮንትሮባንዱ ነገር መንግሥትንም የአገር ውስጥ አምራችንም እንደሚጎዳ አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ ጠበቃ ልሆንለት አልፈልግም። ነገር ግን የሰልባጅ ገበያ ዓይን ያሠለጥናል። የተዘበራረቀ ክምር ውስጥ እጅን ሰዶ በመዳሰስ ብቻ ሱፍን ከፖሊስተር መለየት፣ ገበሩን ገልብጦ የስፌቱን ጥራት ማየት፣ ብብቱ የሳሳ መሆኑን ወደ ብርሃን ይዞ መመርመር የሚለመደው እዚያ ነው። ዓይኗን በሰልባጅ ያሠለጠነች ሴት ቦሌ ካለ ቡቲክ ገብታም በቀላሉ አትታለልም።

ሰልባጅ ክምር ፊት በቆምኩ ቁጥር የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በእኔ ዕድሜ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ሴቶች ለውጭ ኩባንያዎች ልብስ ሲሰፉ ቆይተዋል፤ አሜሪካ ከፈረንጆቹ 2022 መጀመሪያ አንሥቶ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል ባገደችበት ወቅት ሥራቸውን ያጡም ብዙዎች ናቸው። እዚህ የሚሰፋው አዲስ ልብስ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ውጭ ተለብሶ የሰለቸው ደግሞ ወደ እኛ ይመጣል። ኮሌታው ላይ «ኢትዮጵያ ውስጥ የተሠራ» የሚል ምልክት ያለበት ሰልባጅ ሸሚዝ አንድ ቀን እንደሚገጥመኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ካገኘሁት አልለብሰውም፤ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው ልብስ ዋጋ ወደ ላይ ሸሽቷል። በዙሪያዬ እንዳየሁት ከሆነ ይህ ነገር ብዙ ልጆችን ወደ ጨርቅ መሸጫና ወደ ልብስ ሰፊ መልሷቸዋል፤ በልክ ማሰፋት የእናቶች ነገር ነው ሲሉ የነበሩት ሳይቀሩ ዛሬ ስለ ገበርና ስለ ዚፕ ዓይነት ያወራሉ። የችግር ውጤት ነውና ደስ ሊለኝ አይገባም፤ ቢሆንም አለባበሳቸው ከበፊቱ አምሯል።

አሁን ወደ ሁለተኛው እጅ፣ ወደ ሸማኔው ልለፍ። ከስድስት ኪሎ ወደ እንጦጦ የሚወስደው መንገድ የአሜሪካ ኤምባሲን ካለፈ በኋላ ሽሮ ሜዳ ይደርሳል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰቀሉት ቀሚሶች ለዓይን ይበዛሉ፤ ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ያለው ከሱቆቹ ጀርባ፣ የሽመና ዕቃው በተተከለባቸው ጠባብ ቤቶች ውስጥ ነው። እዚያ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ በእግሩ መርገጫውን እየረገጠ፣ በእጁ መወርወሪያውን በድሩ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ እያሳለፈ ማጉን ይመታል። ጥለቱ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱን ቀለም ክሮቹን ቆጥሮ በእጁ ያስገባዋልና። ጥጡን የሚዳምጡትና በእንዝርት የሚፈትሉት ደግሞ ሴቶች ናቸው፤ ሰው ቀሚሱን ሲያደንቅ እነርሱን የሚያስታውሳቸው የለም።

ይህን ሙያ የምናከብረው ዛሬ ዛሬ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋና ቆዳ ፋቂው በሙያቸው የሚሰደቡበት ዘመን ረጅም ነበር፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ሥር ስለሰደደ ነው። የሸማ ልብስ ለብሶ የሸመነውን መናቅ እንዴት ይቻል እንደነበር ማሰብ ያዳግተኛል። ያም ሆኖ ሰው በሽሮ ሜዳ ሲከራከር ስሰማ አሮጌው ንቀት መልኩን ቀይሮ የተቀመጠ ይመስለኛል፤ ለውጭ ጫማ የተጠየቀችውን ሳትከራከር የከፈለች ልጅ፣ ቀናት የፈጀ የእጅ ሥራ ላይ ስትደርስ ግማሹን ካልቀነስክ ብላ ትሟገታለች።

በሀበሻ ቀሚስ ላይ ያለው የዚህ ዘመን ትልቁ ክርክር የሽፎንና የታተመ ጥለት ነገር ነው። ከውጭ የሚገባ፣ ጥለቱ በፋብሪካ የታተመበት ወይም በማሽን የተሰፋበት ጨርቅ ገበያውን እያጥለቀለቀው ነው፤ ሸማኔዎችም ሥራችንን ወሰደብን ብለው በተደጋጋሚ አቤት ብለዋል። ልዩነቱን ለማወቅ ጨርቁን መገልበጥ ይበቃል። በእጅ የተሸመነ ጥለት በጀርባው በኩል የክሩ አካሄድ ይታያል፤ ቀለሙም ከፊት ለፊቱ የማያንስ ደማቅ ነው። የታተመው ጀርባው የደበዘዘ ወይም ነጭ ነው። በማሽን የተጠለፈው ደግሞ ከጨርቁ በላይ ተለጥፎ ይታወቃል፣ ሲታጠብም ጨርቁን ይጨመድደዋል። የሸማው ወርድም ሌላው ምልክት ነው፤ የእጅ ሽመና ወርዱ ሸማኔው እጁን ዘርግቶ መወርወሪያውን በሚያደርስበት ልክ ስለሚወሰን፣ ሰፊ ቀሚስ ላይ የግድ መጋጠሚያ ስፌት ይኖራል።

የታተመውን የምትለብሰውን ልጅ ግን አልወቅስም። ለበዓል አዲስ ነገር መልበስ የፈለገች፣ ደመወዟ ለፈትል ቀሚስ የማይደርስ ሴት ቀላል ሽፎን ገዝታ ብትለብስ መብቷ ነው፤ ደግሞም ለልጆች ልብስ፣ በጭቃና በወጥ ለሚበላሽ ቀን፣ ይመቻል። የሚያናድደኝ የታተመውን «የእጅ ሥራ ነው» ብሎ በእጅ ሥራ ዋጋ የሚሸጠው ነጋዴ ነው። ገዢዋ ጨርቁን ገልብጣ ማየት ብትለምድ ይህ ማጭበርበር በአጭር ጊዜ ይጠፋ ነበር።

የቅርጹን ለውጥ በተመለከተ ለዘብተኛ ነኝ። ትከሻው የተገለጠ፣ ከጉልበት በላይ ያጠረ፣ ካባ የተደረበበት፣ ሁለት ቁራጭ ሆኖ ጉርድ ቀሚስና ሸሚዝ የተለያየበት፣ መደቡ ጥቁር ወይም ወይን ጠጅ የሆነ፣ ሁሉንም አይቻለሁ፤ ብዙዎቹም ያምራሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ከውጭ አገር ሠርግ የሚመጡ ናቸው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ያሉ ዘመዶቻችን ልኬታቸውን በስልክ ልከው ሽሮ ሜዳ ያሠሩታል፣ የሠርጉ ፎቶ ተመልሶ እዚህ ይደርስና በሚቀጥለው ወር የእኛ ሙሽሮችና ሚዜዎች ያንኑ ይዘው ወደ ሸማኔው ይሄዳሉ። የራሴ ምርጫ ነጭ መደብ ላይ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀለም የማይበልጥ ጠባብ ጥለት ነው። ጥለቱ ከጫፍ ተነሥቶ እስከ ደረት ሲደርስ ሸማው ራሱ ይጠፋል፤ የሸማ ውበት ደግሞ ያ ነጭ ባዶ ቦታ ነው። ስለ አንድ ነገር ብቻ ፈገግታዬን መደበቅ ያቅተኛል፤ በዓል ሲመጣ አባት በሸሚዙ ኮሌታ፣ እናት በቀሚሷ፣ ሕፃኑ በጫማው ሳይቀር አንድ ዓይነት ጥለት ለብሰው ሲነሡ ቤተሰቡ የአንድ መሥሪያ ቤት ዩኒፎርም የታደለው ይመስላል። አያቶቻችን ሁሉም ሸማ ለብሰው ሁሉም የተለያዩ ነበሩ።

ስለ አያቶች ከተነሣ፣ ከየትኛውም የፋሽን ገጽ በላይ ሐሳብ የማገኘው ነጠላ ከለበሱ የሰፈር እናቶች ነው። ነጠላ በልክ ተቆርጦ ያልተሰፋ፣ አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው፤ ልብስ የሚያደርገው አለባበሱ ነው። በአዘቦት ቀን ትከሻ ላይ ጣል ተደርጎ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ መስቀለኛ ይጣፋል። ለቅሶ ቤት ሲሆን ይዘቀዘቅና ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገትና ወደ ፊት ይመጣል፤ መንገድ ላይ ያየ ሰው ሳይነገረው ሐዘን መኖሩን ያውቃል። ሥራ ሲጀመር ደግሞ ከነጠላነቱ ወጥቶ ወገብ ላይ ይታሰራል። ከውጭ በሚመጡ የአለባበስ ምክሮች «አንድን ልብስ በብዙ መንገድ መልበስ» እንደ አዲስ ግኝት ሲነገር እሰማለሁ፤ ሴት አያቴ ይህን ቋንቋ በአንድ ነጠላ ትናገረው ነበር፤ እያንዳንዱ አለባበስም ትርጉም ስላለው እንደ ፈለጉ የሚቀያየር አልነበረም። በእርግጥ ይህ ለወጣት ልጅ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ነጠላን ስካርፍ አድርጌ አንገቴ ላይ ስጠመጥም ጥለቱ ወደ የት እንደሚያይ አስተካክላለሁ፤ አለዚያ ያገኘኝ ጎረቤት ሁሉ «ማን ሞተብሽ ልጄ?» ማለቱ አይቀርም።

እሑድ ጠዋት ቅዳሴ ሲወጣ የማየው አለባበስ በእኔ ዓይን የአዲስ አበባ ትክክለኛው ስታይል ነው። ከሥር ረጅም ቀሚስ፣ በላዩ ሹራብ ወይም የልጃቸው ሰልባጅ ኮት፣ እግር ላይ ስኒከር፣ ከሁሉ በላይ ንጹሕ ነጠላ። ማንም «ባህላዊና ዘመናዊ የተቀላቀለበት» ብሎ አላቀደውም፤ ብርዱ፣ የመንገዱ ርዝመትና የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት አንድ ላይ ወስነውታል። ከዚህ የምወስደው የልብሱን አደራረብ ነው፤ ወፍራሙ ከሥር፣ ቀላሉና የሚንቀሳቀሰው ከላይ።

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለውን አባባል ያወጣው ሰው የፋሽንን ነገር በደንብ የገባው ነበር። ጥር 11 ቀን ጃን ሜዳ ለሚገኝ ሰው ከየትኛውም የልብስ ትርኢት የሚበልጥ ትርኢት በነፃ ይታያል። ሹሩባውን አልባሶ የተሠራች፣ እንሶስላ የሞቀች፣ ድሪና አንባር ያደረገች፣ ከአጠገቧ ደግሞ ከጓደኞቿ ጋር አንድ ዓይነት ካኒቴራ ያሳተመች። እኔ ወደዚያ ስሄድ የማስተውለው ከልብሱ ይልቅ ጫማው ነው። ረጅም መንገድ በእግር ታቦት አጅበው የሚሄዱ ልጆች ነጭ ቀሚስ ከምን ጫማ ጋር እንደሚስማማ ከማንም በተሻለ ያውቃሉ፤ ባለ ተረከዝ ጫማ ያደረገች እኩለ ቀን ላይ በእጇ ይዛው ትታያለች።

ሸማ ብቻ የኢትዮጵያ ልብስ ነው እንደማለት እንዳይቆጠርብኝ ሁለት ነገሮችን ልጨምር። የመጀመሪያው የሐረር ጀጎል ውስጥ ያለው መኪና ግርግር ነው፤ ልብስ ሰፊዎች ከጨርቅ ሱቆች ደጅ መኪናቸውን ደርድረው የሚሰፉበት መተላለፊያ ሲሆን ስያሜውን ያገኘውም ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። የሐረሪ ሴቶች የቀለም ድፍረት፣ ወይን ጠጁን ከብርቱካንማ፣ አረንጓዴውን ከወርቃማ ጋር ሳይሳቀቁ ማዋሐዳቸው፣ ጥቁርና ነጭ ለለመድን ለእኛ ለከተማ ልጆች ትምህርት ነው። ሁለተኛው ዱንጉዛ ነው፤ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ እየተፈራረቁ የተሸመኑበት የወላይታና የጋሞ ጨርቅ። ዱንጉዛ ብዙ ስለሚናገር ከላይ እስከ ታች ሲለበስ እኔን ይከብደኛል፤ እጅጌ ላይ ወይም የቦርሳ ማንገቻ ላይ ሲገባ ግን ተራ ጥቁር ልብስን ያስነሣል።

ስለ ልብስ ስጽፍ አንዳንድ ሰው ነገሩን ቀላል አድርጎ ያየዋል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ በራስ መኮንን አዳራሽ ሊታይ በነበረ የልብስ ትርኢት ምክንያት የተነሣው ግርግር ግን ነገሩ ቀላል እንዳልነበረ ይመሰክራል። ተማሪዎች ሚኒስከርትን ጨምሮ የምዕራባውያንን ልብስ ማሳየት የባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ፤ ጉዳዩ እየከረረ ሄዶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋትና የተማሪ መሪዎች እስከ መታሰር አደረሰ። ያነሡት ጥያቄ፣ ማለትም የማንን ጨርቅ፣ የማንን ቅርጽ፣ በማን ገንዘብ እንለብሳለን የሚለው፣ እኔም የምጠይቀው ነው። ነገር ግን ስለ ኢምፔሪያሊዝም የተጀመረው ክርክር ዞሮ ዞሮ የሴት ልጅ ቀሚስ ርዝመት ላይ ማረፉ አያስደስተኝም። ሱፍና ከረባት ለብሰው በተቃውሞው የቆሙ ወንዶች ልብሳቸው ከየት እንደመጣ የጠየቃቸው አልነበረም። ዛሬም ቲክቶክ ላይ አንዲት ልጅ አጭር የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ስትታይ ከሥር የሚዘንበውን ስድብ ሳነብ ያው ክርክር እንዳልሞተ አያለሁ፤ የሰደባት ወጣት ራሱ የሚለብሰው የአውሮፓ እግር ኳስ ክለብ ማልያ ነው።

ከአገራችን ዲዛይነሮች መካከል የምከታተላቸው የሸማውን ጨርቅ ከበዓል ቀን አውጥተው ወደ ማክሰኞና ረቡዕ ያመጡትን ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ በዓለም መድረክ የታወቀችው ሞዴል ሊያ ከበደ ለምለም የተባለውን ድርጅቷን በፈረንጆቹ 2007 ስትመሠርት ሐሳቧ የሸማኔዎችን ሥራ ገበያ እንዲያገኝ ማድረግ ነበር፤ በልጆች ልብስ ጀምራ የእጅ ሽመናውን ወደ ቀላል የባሕር ዳርቻ ቀሚስና ስካርፍ ወሰደችው። ፍቅርተ አዲስ ደግሞ በየፍቅር ዲዛይን ሥራዎቿ የእጅ ሸማን ለኮትና ለሙሉ ቀሚስ ስትጠቀምበት አይቻለሁ። ዋጋቸው ለእኔ ቢጤው አይቀመስም፤ ዓይን ግን አይከፈልበትም። ከእነርሱ የተማርኩት ጥለቱን መተው እንደሚቻል ነው። ጥለት የሌለው፣ ነጭ በነጭ ወይም ግራጫ መስመር ያለው የእጅ ሸማ ቢሮ ቢለበስ ማንም «ዛሬ ምን በዓል ነው?» ብሎ አይጠይቅም።

በዚህ ሐሳብ ተነሣሥቼ ለገና የሚደርስ ነገር እያሠራሁ ነው፤ ከጋቢ ጨርቅ የተሰፋ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ኮት። እናቴ ሐሳቡን ስነግራት «ጋቢ ተቆርጦ!» ብላ ደነገጠች፤ ጋቢ የሚለበሰውና የሚወረሰው ሙሉውን ስለሆነ መቀስ የሚነካው አይደለም ባይ ናት። ተስማማን፤ ማንም የለበሰው ጋቢ አይቆረጥም፤ ለኮቱ ተብሎ አዲስ ይሸመናል። ሸማኔው ደግሞ የራሱን ጥያቄ አነሣ። ጋቢ አራት እጥፍ ስለሆነና ሽመናው ልል ስለሆነ የተቆረጠበት ጠርዝ ይተረተራል፤ ስለዚህ በሁለት እጥፍ፣ ማጉ ጠበቅ ተደርጎ ተመትቶ እንዲሸመንልኝ ነገረኝ። ቀለሙ የጥጡ የራሱ ቀለም ሆኖ እጅጌው ጫፍ ላይ ብቻ አንዲት ቀጭን የዱንጉዛ ቀይ መስመር ትገባለች። ጋሼ በበኩላቸው ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ውኃ ጠጥቶ በጥላ እንዲደርቅ፣ አለዚያ በመጀመሪያው እጥበት ተሰብስቦ የልጅ ኮት እንደሚሆንብኝ አስጠንቅቀውኛል። ወርዱ ጠባብ ስለሆነ ጀርባው ላይ መጋጠሚያ ይኖራል፤ እርሱን መደበቅ ፈልገው ነበር፣ እኔ ግን እንዲታይ ጠይቄያቸዋለሁ። ያልተስማማንበት የቀረው የትከሻው ነገር ነው። ስልኬ ላይ ያለው ኮት ትከሻው ወደ ክንድ የወረደ ነው፤ ጋሼ «ይኼ ለረጅም ሰው ነው፤ አንቺን ያሳጥርሻል» ይላሉ። ሸማው ሲደርስ መጀመሪያ በአቡጀዲ ሰፍተው ሊለኩብኝ ተስማምተናል፤ ከዚያ መስታወት ፊት ቆመን እንከራከራለን።